ካናዳ ቪዛ ሲከለክል ፍርድ ቤት የመሄድ መብት የማን ነው?

ካናዳ የሚኖር ልጅ እናቱን ከአዲስ አበባ ለመጋበዝ ደብዳቤውን ይጽፋል፣ የባንክ መግለጫውን ያያይዛል፣ ክፍያውንም ከኪሱ ያወጣል። ቪዛው ሲከለከል ተጎጂው እሱ እንደሆነ ስለሚሰማው በራሱ ስም ለፌዴራል ፍርድ ቤት ያመለክታል። የመንግሥት ጠበቃ የቪዛ መኮንኑ ተሳስቷል ወይስ አልተሳሳተም ወደሚለው ክርክር መግባት እንኳ አያስፈልገውም። «አመልካቹ ቪዛ አልጠየቀም፣ የተከለከለውም እሱ አይደለም» ብሎ ፋይሉ እንዲዘጋ ይጠይቃል። ስሕተቱ በታወቀ ጊዜ ደግሞ እናቱ በራሳቸው ስም የሚያመለክቱበት ቀን አልፎ ሊሆን ይችላል።

ማንኛውም ፍርድ ቤት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጣራው ጉዳዩን ያቀረበው ሰው ማን እንደሆነ ነው። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 33 በክሱ ነገር ላይ መብት ወይም ጥቅም የሌለው ሰው ከሳሽ መሆን እንደማይችል ይደነግጋል፤ የካናዳውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሕጋቸው በአንቀጽ 18.1 የመንግሥት አካል የሰጠው ውሳኔ እንዲከለስ መጠየቅ የሚችሉት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉና ጉዳዩ በቀጥታ የነካው ሰው ናቸው ይላል። በቀጥታ ነክቶታል የሚባለው ውሳኔው ሕጋዊ መብቱን ከቀነሰበት፣ ግዴታ ከጣለበት ወይም በሌላ መንገድ እሱኑ ራሱን ከጎዳው ነው። ናፍቆት፣ የባከነ ገንዘብ፣ እናት ያልተገኙበት ሠርግ ሁሉም እውነተኛ ጉዳቶች ናቸው። ሕጉ የሚያየው ግን ማመልከቻው የማን እንደነበረና እምቢታው ለማን እንደተጻፈ ነው። ልጁ ወጪውን ሊችል፣ ጠበቃ ሊቀጥር፣ የሚያውቀውን በቃለ መሐላ ሊያስረዳ ይችላል። አመልካች ተብሎ የሚጻፈው ስም ግን የእናቱ መሆን አለበት።

በዚያው ልክ ብዙ ሰው የማያውቀው መልካም ነገር አለ። አመልካቹ ካናዳ ውስጥ መገኘት አይጠበቅበትም። አዲስ አበባ፣ ናይሮቢ፣ ካምፓላ ወይም ሪያድ ሆኖ የተከለከለ ሰው ካናዳን ረግጦ የማያውቅ ቢሆንም ውሳኔው እንዲከለስለት የመጠየቅ መብት አለው። አሜሪካ ውስጥ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ቆንስል የሰጠውን የቪዛ ክልከላ ፍርድ ቤት በመሠረቱ አይመረምርም፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንዲት አሜሪካዊት ለባሏ ባቀረበችው ጉዳይ ይህንኑ አጽንቷል። ስለዚህ ዋሽንግተን ካለ ዘመድ የተሰማ ምክር ለካናዳ ጉዳይ አይሆንም፤ «ኤምባሲ ከከለከለ አለቀ» የሚለው አባባል እዚህ ትክክል አይደለም።

ሌላው መታወቅ ያለበት የፍርድ ቤቱ ሥራ ልክ ነው። ክለሳ ይግባኝ አይደለም። ዳኛው ቪዛ አይሰጥም፤ በመኮንኑ ቦታ ቆሞም «እኔ ብሆን ምን እወስን ነበር» አይልም። የሚመረምረው ውሳኔው ምክንያታዊ መሆኑንና አሠራሩ ፍትሐዊ መሆኑን ነው። መለኪያውን ያስቀመጠው የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 በቫቪሎቭ ጉዳይ የሰጠው ፍርድ ነው። በዚያ ፍርድ መሠረት የውሳኔው ምክንያት ከቀረበው ማስረጃና ከሕጉ ጋር የተያያዘ፣ ግልጽና አንባቢ ሊከተለው የሚችል መሆን አለበት። አመልካቹ ቤት፣ ሥራና ልጆች አገሩ እንዳሉት በሰነድ አሳይቶ ሳለ መኮንኑ ያንን ሳይጠቅስ «ከአገሩ ጋር በቂ ትስስር የለውም» ብሎ ካለፈ፣ ዳኛ ፊት የሚያቆም ክርክር አለ። ማስረጃው ከመነሻው ካልገባ ግን መኮንኑን መውቀስ አይቻልም።

የማን በር የት ነው

በጉብኝት፣ በትምህርት እና በሥራ ፈቃድ ነገሩ ቀላል ነው፤ ክለሳ የመጠየቅ መብት ያለው የተከለከለው ሰው ራሱ ነው። ቤተሰብ አብሮ አመልክቶ ለእያንዳንዱ የተለየ የእምቢታ ደብዳቤ ከደረሰው የሁሉም ስም መግባት አለበት። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ካለ ጉዳዩን በስሙ የሚያራምድለት ወላጅ ወይም ሞግዚት ይጠቀሳል። አሠሪ የውጭ ሠራተኛ ለመቅጠር የጠየቀው የሥራ ገበያ ምዘና ውድቅ ሲሆን ደግሞ ማመልከቻው የአሠሪው ስለነበረ መብቱም የአሠሪው ነው።

ስፖንሰር ያለበት ጉዳይ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ካናዳዊ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ውጭ አገር ያለ የትዳር ጓደኛውን፣ ልጁን ወይም ወላጁን በቤተሰብ ምድብ ስፖንሰር አድርጎ ቪዛው ከተከለከለ፣ ሕጉ የይግባኝ መብት የሚሰጠው ለስፖንሰሩ ነው። የሚሄደውም ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሳይሆን ወደ ኢሚግሬሽን ይግባኝ ክፍል ነው፤ ጊዜው 30 ቀን ነው። የኢሚግሬሽንና የስደተኞች ጥበቃ ሕግ አንቀጽ 72 የይግባኝ መብት ሳይሟጠጥ ክለሳ መጠየቅ አይቻልም ይላል። ስለዚህ አዲስ አበባ ያለችው ሚስት በራሷ ስም ፌዴራል ፍርድ ቤት ብታመለክት በሩ ዝግ ነው። «ይግባኙ የባሌ እንጂ የእኔ አይደለም» የሚለው መልስም አይረዳትም፤ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ይህን ክርክር እ.ኤ.አ. በ2009 ውድቅ አድርጎታል። እንዲያውም ይግባኝ ክፍሉ ለቤተሰቡ የተሻለ ቦታ ነው። አዲስ ማስረጃ ይቀበላል፣ ባልና ሚስቱን ያዳምጣል፣ ሰብአዊ ምክንያቶችን ማመዛዘን ይችላል። ትዳሩ እውነተኛ አይደለም ተብሎ ለተከለከለ ሰው ይህ ዕድል ትልቅ ነው።

ይህ በር የሚዘጋባቸው ሁኔታዎችም አሉ፤ እነሱን ሳያጣሩ ወደ ይግባኝ መሮጥ ቀን ያስበላል። ክልከላው የተሰጠው በሐሰተኛ መረጃ ምክንያት ከሆነና ስፖንሰር የተደረገው ሰው የስፖንሰሩ ባል፣ ሚስት፣ ሳይጋቡ አብሮት የሚኖር አጋሩ ወይም ልጁ ካልሆነ (ለምሳሌ እናት ወይም አባት ከሆነ) ይግባኝ የለም። በከባድ ወንጀል ወይም በጸጥታ ምክንያት የተከለከለም ይግባኝ አይኖረውም። በእነዚህ ጊዜ መብቱ ወደ ተከለከለው ሰው ይመለሳል፤ ክለሳውን በራሱ ስም ይጠይቃል። ስፖንሰሩ ራሱ ወደ ካናዳ ሲገባ ሳያስመዘግበው የቀረ ልጅ ደግሞ ከቤተሰብ ምድብ ውጭ ስለሚሆን ይግባኝ ክፍሉ ሰብአዊ ምክንያቱን ማየት አይችልም። በዚህ ጉዳይ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ልጁ የሰብአዊ ምክንያት ጥያቄው ውድቅ የተደረገበትን ውሳኔ ለፌዴራል ፍርድ ቤት ማቅረብ እንደሚችል ወስኗል። በስደት ጉዞ የተበታተኑ ቤተሰቦቻችን ይህ ነጥብ ብዙ ጊዜ ያጋጥማቸዋል።

ካናዳ ውስጥ አብረው እየኖሩ በአገር ውስጥ የትዳር ምድብ ያመለከቱ ጥንዶች ወደ ይግባኝ ክፍሉ መሄድ አይችሉም። ለእነሱ መንገዱ ክለሳ ነው፤ ጊዜውም 15 ቀን ነው። ካናዳ ገብቶ ጥገኝነት የጠየቀና የተከለከለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያ ወደ ስደተኞች ይግባኝ ክፍል በ15 ቀን ውስጥ ማመልከት አለበት፤ ፌዴራል ፍርድ ቤት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከሱዳን፣ ከኬንያ ወይም ከኡጋንዳ በግል ስፖንሰር ሊመጣ ሲል ቃለ መጠይቁን «አላመንኩትም» ተብሎ የወደቀ ስደተኛ ግን ይግባኝ የለውም፤ በቀጥታ በራሱ ስም ክለሳ ይጠይቃል። ያሰባሰበለት ቤተ ክርስቲያን ወይም የአምስት ሰዎች ቡድን በስደተኛው እምቢታ ላይ አመልካች አይሆንም። የወደቀው የቡድኑ የስፖንሰርነት ማመልከቻ ራሱ ከሆነ ግን ያ ውሳኔ ቡድኑን በቀጥታ ይነካዋል። የዜግነት ማመልከቻ ሲከለከል ጉዳዩ በዜግነት ሕጉ አንቀጽ 22.1 ስለሚመራ ጊዜው 30 ቀን ነው።

ድርጅቶችስ?

የማኅበረሰብ ማኅበራት «እኛ ለሕዝባችን ስንል መክሰስ እንችላለን?» ብለው ይጠይቃሉ። ለአንድ ሰው የቪዛ ክልከላ መልሱ አይችሉም ነው። አንድን ሕግ ወይም ፖሊሲ ለመቃወም ግን ሕዝባዊ ጥቅም በሚባለው መንገድ ሊፈቀድ ይችላል። ፍርድ ቤቱ ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ ይመዝናል፦ የተነሣው የሕግ ጥያቄ ከባድና በፍርድ ሊወሰን የሚችል መሆኑን፣ ድርጅቱ በጉዳዩ ላይ እውነተኛ ተሳትፎ ያለው መሆኑን፣ በዚህ ድርጅት በኩል መቅረቡም ምክንያታዊና ውጤታማ መንገድ መሆኑን። እ.ኤ.አ. በ1992 የካናዳ አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት የስደተኞች ሕጉን ለመቃወም ቀርቦ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መልሶታል፤ የተነኩት ስደተኞች ራሳቸው መክሰስ ይችላሉ የሚል ነበር ምክንያቱ። መለኪያው እ.ኤ.አ. በ2012 ከላላ በኋላ በሮቹ ትንሽ ተከፍተዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 ፌዴራል ፍርድ ቤቱ የስደተኞች የጤና ሽፋን መቀነሱን የተቃወመ የሐኪሞች ማኅበርን አመልካች አድርጎ ተቀብሏል። የካናዳ የስደተኞች ምክር ቤትም ከአሜሪካ ጋር ያለውን የሦስተኛ አገር ስምምነት (ጥገኝነት ጠያቂ ከሁለቱ አገሮች ቀድሞ በደረሰበት እንዲጠይቅ የሚያስገድደውን) የተከራከረው ከተነኩ ግለሰቦች ጋር አብሮ ነው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን የሰጠው እ.ኤ.አ. በ2023 ነበር። ለማኅበሮቻችን የሚጠቅመው ልምድ ይኸኛው ነው፤ ብቻውን ከሚቆም ድርጅት ይልቅ በቀጥታ የተነካ ሰው ከጎኑ ያቆመ ድርጅት ይደመጣል።

ቀኑ

መብት ያለው ሰውም ቀኑን ካሳለፈ መብቱን ያጣዋል። ካናዳ ውስጥ ለተነሣ ጉዳይ 15 ቀን፣ ከካናዳ ውጭ ለተነሣ 60 ቀን ነው። ቆጠራው የሚጀምረው አመልካቹ ውሳኔውን ባወቀ ወይም በተነገረው ዕለት ነው። ኢሜይሉ ወይም የኦንላይን አካውንቱ መልእክት የደረሰበት ቀን ማለት ነው፤ ደብዳቤውን ማመልከቻውን የሞላው አማካሪ ተቀብሎ ሳይነግረው ቢቆይም ቆጠራው እንደጀመረ ሊቆጠርበት ይችላል። ቀኑን በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፎ ማስቀመጥ ይበጃል፤ በኢትዮጵያ ወር ሲቆጠር በፈረንጆቹ የ31 ቀን ወሮችና በእኛ ጳጉሜን ምክንያት ቀን ይዛነፋል። ሌላ ጥንቃቄም አለ። ዛሬ ከውጭ የገባን ማመልከቻ ካናዳ ውስጥ የተቀመጠ መኮንን ሊወስነው ይችላል። ውሳኔው የት እንደተሰጠ ካልታወቀ በ15 ቀን ውስጥ ማስገባት ከክርክር ያድናል።

ቀኑ ካለፈ ማራዘሚያ የሚጠየቀው በዚያው በመጀመሪያው ቅጽ ላይ ነው፤ በኋላ በተለየ ደብዳቤ አይደለም። ዳኛው አመልካቹ ከመነሻው ጀምሮ የማመልከት ሐሳብ እንደነበረው፣ ጉዳዩ ፍሬ እንዳለው፣ ሌላውን ወገን እንደማይጎዳና ለመዘግየቱ በቂ ምክንያት እንዳለ ያያል። «ሕጉን አላውቅም ነበር» ብቻውን ብዙ አያስኬድም። በስደተኞች ይግባኝ ክፍል ለተሸነፈ ሰው መዘግየት ሌላ አደጋ አለው። በጊዜው ካመለከተ ከአገር የማስወጣት ትእዛዙ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይታገዳል፤ ማራዘሚያ ከጠየቀ ግን ይህ እገዳ የለም። ያኔ የማስቆሚያ ትእዛዝ ለብቻው መጠየቅ፣ ከባድ ጥያቄ እንዳለ፣ የማይካስ ጉዳት እንደሚደርስና ሚዛኑ ወደ አመልካቹ እንደሚያደላ ማስረዳት ይኖርበታል።

ወረቀቱ እንዴት ይሄዳል

መነሻው አይአር-1 የሚባለው ቅጽ ነው። በእሱ የሚጠየቀው የክለሳ ፈቃድ ነው፤ ያለ ፈቃድ ችሎት የለም። የፍርድ ቤቱ ክፍያ 50 የካናዳ ዶላር ነው። ተጠሪ ሆኖ የሚጻፈው የዜግነትና የኢሚግሬሽን ሚኒስትሩ ነው፤ የድንበር ኤጀንሲው በሰጠው የማስወጣት ውሳኔ ላይ ከሆነ ደግሞ የሕዝብ ደኅንነት ሚኒስትሩ። ቅጹ ለፍርድ ቤቱ ሬጅስትሪ ከመግባቱ ሌላ ለፍትሕ ሚኒስቴር መድረስና መድረሱን የሚያሳይ ማስረጃ መቅረብ አለበት። ሁለቱም በቀኑ ውስጥ መጠናቀቅ ይኖርባቸዋል።

የአመልካቹ ስም በቪዛ ማመልከቻው ላይ በተጻፈበት ፊደል ልክ መጻፍ አለበት። የእኛ ስም በአንዱ ሰነድ በአባት፣ በሌላው በአያት ስም ስለሚመዘገብ መንግሥት ፋይሉን ማገናኘት ሲያቅተው ሳምንታት ይባክናሉ። የማመልከቻ ቁጥሩንና በካናዳ ፋይል ያለውን መለያ ቁጥር አብሮ መጻፍ ይህን ያስቀራል።

ብዙ ሰው ቀን የሚያቃጥለው የመኮንኑን ማስታወሻ በመጠበቅ ነው። የእምቢታ ደብዳቤው ከመኮንኑ ማስታወሻ ጋር ካልመጣ አጭርና ተመሳሳይ ስለሚሆን እውነተኛው ምክንያት ያለው ጂሲኤምኤስ በሚባለው የኮምፒዩተር መዝገብ ውስጥ ነው። ያንን በመረጃ ነፃነት ሕግ ጠይቆ እስኪመጣ 60 ቀኑ ሊያልቅ ይችላል። መጠበቅ አያስፈልግም። በአይአር-1 ላይ «የጽሑፍ ምክንያት አልደረሰኝም» ተብሎ ከተሞላ ፍርድ ቤቱ ራሱ ከቪዛ ቢሮው ያስመጣል፤ የሚቀጥለው ጊዜም የሚቆጠረው ምክንያቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ስለዚህ ቅድሚያ ቅጹን ማስገባት፣ ክርክሩን ከዚያ ማዘጋጀት ነው።

ቀጥሎ የአመልካቹ መዝገብ ይዘጋጃል። ውሳኔው፣ ምክንያቱ፣ ቃለ መሐላው፣ ለመኮንኑ ቀርቦ የነበረው ሰነድና ከ30 ገጽ ያልበለጠ የክርክር ማስታወሻ ይገቡበታል። ደንቡ ለዚህ 30 ቀን ይሰጣል፤ የፋይል ብዛት ስለጨመረ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 ባወጣው ልዩ ትእዛዝ 75 ቀን አድርጎታል። መዝገቡ ካልገባ ዳኛው ጉዳዩን ሳያይ ፈቃዱን ይከለክላል፤ ጥሩ ጉዳዮች ሳይቀሩ የሚሞቱት እዚህ ላይ ነው። ቃለ መሐላ ሰጪው እንግሊዝኛ ወይም ፈረንሳይኛ የማይችል ከሆነ ብቁ አስተርጓሚ በመሐላ እየተረጎመለት መፈረምና ይህም በሰነዱ ላይ መገለጽ አለበት። በአማርኛ የተጻፈ ማስረጃ ሁሉ ከተርጓሚው ቃለ መሐላ ጋር ይቀርባል።

አዲስ ማስረጃ ማስገባት የተለመደ ስሕተት ነው። ከእምቢታው በኋላ የወጣ የባንክ መግለጫ፣ አዲስ የሥራ ደብዳቤ፣ የቤት ካርታ ፍርድ ቤቱ አያየውም፤ መኮንኑ ፊት ያልነበረ ነገር ክለሳ ውስጥ ቦታ የለውም። ልዩ የሚሆነው በዋናነት የአሠራር ፍትሕ ሲጓደል ነው፤ ለምሳሌ መኮንኑ ሰነዱን ሐሰተኛ ብሎ ሳለ አመልካቹ መልስ እንዲሰጥ ዕድል ካልሰጠው ያንን ለማሳየት ነው። ያለው ችግር የማስረጃ ማነስ ብቻ ከሆነ እንደገና ማመልከት ከፍርድ ቤት ይሻላል። ክልከላው የሐሰት መረጃ የሚል ከሆነ ግን የ5 ዓመት እገዳ ስለሚያስከትል እንደገና ማመልከት መፍትሔ አይሆንም፤ ያኔ ክለሳውን በቁም ነገር መያዝ ነው።

ለትምህርት ፈቃድ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ አጠር ያለ የሙከራ አሠራር አለ። ሁለቱም ወገኖች ከተስማሙ፣ ጉዳዩ ያልተወሳሰበና አዲስ ቃለ መሐላ የማያስፈልገው ከሆነ ፈቃዱና ክለሳው በአንድ ላይ በወረቀት ይታያሉ፤ የታሰበውም በ5 ወር ገደማ እንዲያልቅ ነው። ለተማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ትምህርቱ የሚጀመርበት ወቅት ካለፈ መንግሥት «ፍርዱ ከእንግዲህ ምን ይሠራል?» የሚል ክርክር ሊያነሣ ይችላል። ዩኒቨርሲቲው ቦታውን ወደሚቀጥለው ወቅት እንዳዛወረ የሚያሳይ ደብዳቤ በእጅ መያዝ ለዚህ መልስ ይሆናል።

በዚህ ሁሉ አመልካቹን ወክሎ መቅረብ የሚችለው ጠበቃ ነው። ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን አማካሪም ቢሆን ፌዴራል ፍርድ ቤት መቆም አይችልም፤ እችላለሁ ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ካለ መሸሽ ነው። አመልካቹ ራሱን ወክሎ መቅረብ ግን ይፈቀድለታል።

መልስ ሲጠፋ እና መልስ ሲመጣ

ዓመታት አልፈው ውሳኔ ያልተሰጠበት ማመልከቻ ላይም መብት አለ። ባለማመልከቻው፣ አሁንም በራሱ ስም፣ መንግሥት እንዲወስን የሚያስገድድ ትእዛዝ ይጠይቃል። መዘግየቱ ሥራው በተፈጥሮው ከሚወስደው ጊዜ በላይ መሆኑን፣ ጥፋቱ የእሱ አለመሆኑንና መንግሥት በቂ ማብራሪያ አለመስጠቱን ማሳየት አለበት። ከዚያ በፊት ቀነ ገደብ ያለው የማሳሰቢያ ደብዳቤ መላክ የተለመደ ነው፤ ለፍርድ ቤቱም ማስረጃ ይሆናል። ትእዛዙ ግን ወስኑ እንጂ ፍቀዱ አይልም።

የክለሳ ፈቃድ ከተከለከለ ዳኛው አብዛኛውን ጊዜ ምክንያት አይጽፍም፤ ይግባኝም የለም። ከተፈቀደ ችሎቱ ከ30 ቀን በኋላ፣ በ90 ቀን ውስጥ ይሆናል። የተሸነፈ ወገን የሌላውን ወገን ወጪ እንዲከፍል የሚታዘዘው ልዩ ምክንያት ሲኖር ብቻ ነው፤ ይህ ለአመልካቾች እፎይታ ነው። የመንግሥት ጠበቃ ውሳኔው ደካማ መሆኑን ካየ ከችሎቱ በፊት ጉዳዩ እንደገና ይታይ ብሎ ሊስማማ ይችላል፤ ሲስማማ አዲስ ሰነድ የማስገቢያ ጊዜ እንዲሰጥ በስምምነቱ ላይ ማጻፍ ያስፈልጋል። በፍርድ ካሸነፈም ፋይሉ ወደ ሌላ መኮንን ይመለሳል። ያ መኮንን በአዲስ ምክንያት ሊከለክል ስለሚችል፣ ፋይሉ እንደተመለሰ የባንክ መግለጫውን፣ የሥራ ደብዳቤውንና ጊዜው ያለፈበትን የሕክምና ምርመራ ወይም ፓስፖርት አድሶ መላክ የአመልካቹ ሥራ ነው። ሁለተኛ እምቢታ ከመጣ ራሱን የቻለ አዲስ ውሳኔ ነው፤ አዲሱ 15 ወይም 60 ቀንም ከዚያ ዕለት ይቆጠራል።